«እሺ ልጄ» ካሉ በኋላ ያለው ሥራ፦ ጉብሬ ላይ ለአረጋውያን መድን ለምትሸጡ ወኪሎች

ጉብሬ ላይ በመድን ሽያጭ የተሰማራችሁ ሁሉ የምታውቁት ነገር ነው፤ መድን የሚያስፈልገው ንብረት ያለው በአብዛኛው በዕድሜ በገፉት ሰዎች እጅ ነው። ግቢያቸው ውስጥ ሰርቪስ ቤት ደርድረው ለወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተማሪና ሠራተኛ የሚያከራዩ እናቶች አሉ። ዕድሜያቸውን መርካቶ ነግደው ለጡረታ ወደ አገራቸው የተመለሱ፣ ልጆቻቸው ባጃጅ ገዝተው የሰጧቸው፣ ከእንሰቱ ጓሮ አጠገብ ቪላ የተሠራላቸው አባቶችም አሉ። የወሩን የሽያጭ ዕቅድ የሚሞሉላችሁ እነዚህ ሰዎች ናቸው። ሥራው ሲበላሽም ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ከእነሱ ጋር ነው።

ብልሽቱ ሁለት መልክ አለው። አንዳንዶቹ የማያስፈልጋቸውን ገዝተው በዓመቱ ያቋርጡታል። ሌሎቹ የሚያስፈልጋቸውን ገዝተው፣ አደጋ ሲደርስ ቅጹ ላይ የሰፈረው ከእውነቱ ጋር አልገጥም ይልና ካሳው ይጎድላል ወይም ይቀራል። የሁለቱም ምንጭ አንድ ነው፤ ወኪሉ ሽማግሌው «እሺ ልጄ» ሲሉት ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ቤት የገባን እንግዳ ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር በሆነበት አገር፣ እሺታው «ቡናህን ጠጥተህ በሰላም ሂድ» ሊሆንም ይችላል። ከታች ያሉት ደረጃዎች ያንን እሺታ ወደ እውነተኛ ውል የምታደርሱባቸው ናቸው።

1. ከቢሮ ሳትወጡ

ዘመኑ ያላለፈበት የብሔራዊ ባንክ የወኪልነት ፈቃዳችሁን ቅጂ፣ የድርጅታችሁን መታወቂያ፣ የዋጋ ሰንጠረዡን፣ ሁለት ማመልከቻ ቅጽ (አንዱ እዚያው የሚቀር) እና ማስታወሻ ደብተር ያዙ። የሽፋኑን ዋና ዋና ነጥቦች በትልልቅ ፊደል በአንድ ገጽ አሳትሙ። አንድ የማንበቢያ መነጽርም ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር። መነጽራቸውን ያጡ አዛውንት «ግዴለም፣ አንተው አንብብልኝ» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ውሉ ምን እንደሚል የሚያውቁት በእናንተ አፍ ብቻ ነው።

ምርቱን ከሰውየው ዕድሜ ጋር አስቀድማችሁ አመሳክሩ። የሕይወት መድን የመግቢያ ዕድሜ ጣሪያም፣ ሽፋኑ የሚያበቃበት ዕድሜም አለው፤ ከድርጅት ድርጅት ይለያያል። የ68 ዓመት ሰው ቤት ሄዶ ስለ ሕይወት መድን አንድ ሰዓት አውርቶ፣ በሳምንቱ «ድርጅቱ አልተቀበለም» ብሎ መመለስ ለእናንተም ለመድን ሥራም ስም አይበጅም።

ስትገቡ ማን እንደሆናችሁ ጥርት አድርጋችሁ ተናገሩ። «የእገሌ መድን ድርጅት ወኪል ነኝ፤ ከቀበሌ አልመጣሁም።» ይህን የምለው በከንቱ አይደለም። «መድን» ሲባል ብዙ አረጋውያን ቀድሞ የሚታያቸው በቀበሌ በኩል በየዓመቱ መዋጮ የሚከፍሉበት ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። እናንተን የዚያ ሰብሳቢ አድርገው ካዩአችሁ ግዴታ መስሏቸው ይፈርማሉ። ወኪል የመድን ድርጅቱ ሰው መሆኑን፣ ለደንበኛው የሚሠራው ደግሞ ደላላ መሆኑን ንገሯቸው። ኮሚሽን ታገኙ እንደሆነ ከጠየቋችሁ፣ አዎ በሉ።

2. ደንበኛው ማን እንደሆነ ለዩ

ደብተራችሁ ላይ አራት መስመር ጻፉ፦ ንብረቱ ወይም ሕይወቱ የማን ነው? የሚከፍለው ማን ነው? የሚፈርመው ማን ነው? ካሳው ለማን ይደርሳል? ወጣት ደንበኛ ዘንድ አራቱም መስመር ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ስም ነው። ጉብሬ ውስጥ ባለ የአረጋዊ ቤት ግን አራቱ አራት ሰው ሊሆኑ ይችላሉ።

የተለመደው ጉዳይ ይህ ነው። ልጅ ከአዲስ አበባ ይደውላል፤ «ለአባቴ የሕይወት መድን ግባልኝ፣ ዓረቦኑን እኔ እከፍላለሁ፣ እሱን ስለ ሞት አታናግረው» ይላል። ልጁ ክፉ አስቦ አይደለም፤ አባቱ እንዲከፋው ስላልፈለገ ነው። ይሁንና የንግድ ሕጉ በሌላ ሰው ሞት ላይ የሚገባ መድን ያ ሰው በጽሑፍ እንዲፈቅድ ይጠይቃል። አባትየው ሳያውቁ የተገባ ውል ገንዘብ ከመብላት አልፎ ለማንም አይረባም። ልጁን በትሕትና «አባባን ሳላናግር አልችልም» በሉት፤ እምቢ ካለ ተዉት።

ሁለተኛው ጉዳይ ካርታ ነው። እማማ 25 ዓመት የኖሩበት ቤት ካርታ በሟች ባለቤታቸው ስም ሆኖ ይገኛል፤ ሰርቪሱን ደግሞ የበኩር ልጃቸው በራሱ ገንዘብ ሠርቶታል። በማን ስም ነው መድን የሚገባው? ይህን በግምት አትሙሉት። ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ወጥቶ እንደሆነ ጠይቁ፤ ካልወጣ ሁኔታውን እንዳለ ጽፋችሁ ለድርጅቱ የውል ክፍል ላኩና በጽሑፍ መልስ ተቀበሉ። ዛሬ «እማማ ነዎት ባለቤቷ» ተብሎ የታለፈው ነገር ቤቱ የተቃጠለ ዕለት አምስት ወራሾችን ቢሮ በር ላይ ያቆማል።

ልጅ በውክልና ከመጣ ወረቀቱን አንብቡት እንጂ ማኅተሙን ብቻ አትዩ። ቤት ለማስተዳደር የተሰጠ ውክልና የእናትን ጤና ቅጽ ለመሙላት አይሆንም።

ከፋዩ ሦስተኛ ሰው ሲሆን ማንነቱንና ከደንበኛው ጋር ያለውን ዝምድና መዝግቡ። በወንጀል ድርጊት የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን የሚከለክለው ሕግ የመድን ድርጅቶችንም ደንበኛቸውን እንዲያውቁ ያስገድዳል። የልጅ ለእናት መክፈል የጉራጌ ወግ ነው፤ አይጠረጠርም። ማንም የማያውቀው ሰው በአንድ ጊዜ የዓመታት ዓረቦን ልክፈል ካለ፣ ወይም ከፍሎ ወዲያው ውሉ ፈርሶ ገንዘቡ ወደ ሌላ ሰው ሒሳብ እንዲመለስ ከጠየቀ ግን ለድርጅታችሁ ተቆጣጣሪ ክፍል አሳውቁ፤ ማሳወቃችሁን ለሰውየው አትንገሩ።

3. ማንነትና ዕድሜ

የፋይዳ መታወቂያ ካላቸው በእሱ ጀምሩ፣ የቀበሌ መታወቂያውንም እዩ። ሁለቱ ላይ ያለው ዕድሜ ካልተስማማ አትደነቁ፤ አትለፉትም። የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ስለሆነ የአሁኖቹ አረጋውያን ሲወለዱ የጻፈላቸው የለም። መታወቂያ ሲያወጡ «ስድሳ በለው» ተብሎ የተጻፈ ቁጥር ለዓመታት ሲገለበጥ ይኖራል።

ዕድሜን በወሬ አውጡት። ታኅሣሥ 1953 የእነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ግርግር ሲሆን ያስታውሳሉ? አብዮቱ በ1966 ሲፈነዳ አግብተው ነበር ወይስ ከብት ጠባቂ ነበሩ? የገጠር መሬት አዋጅ በ1967 ሲታወጅ መሬቱ የተጻፈው በእርስዎ ስም ነው ወይስ በአባትዎ? በኩር ልጅዎ ዕድሜው ስንት ነው? በ1948 የተወለደ ሰው በ1953 የአምስት ዓመት ልጅ፣ በ1966 የ18 ዓመት ጎረምሳ ነው፤ በ2018 ደግሞ 70 ይሞላዋል። መልሶቹ ከመታወቂያው ጋር ሰፊ ልዩነት ካሳዩ ሁለቱንም ጽፋችሁ አቅርቡ። የትኛውን እንደሚቀበል የሚወስነው ድርጅቱ ነው።

ቅጹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከሆነ ሁልጊዜ ስምንት አትደምሩ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚደመረው ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ነው። ጥቅምት 1948 የተወለደ ሰው በእነሱ 1955 እንጂ 1956 አይደለም። በ40 ዓመት ደንበኛ ላይ አንድ ዓመት ብዙ ለውጥ አያመጣም፤ ጣሪያው 65 በሆነበት ምርት ላይ 65 እና 66 ዓመት ግን የመቀበልና ያለመቀበል ጉዳይ ነው።

4. ያላቸውን ሳትቆጥሩ አትሽጡ

አረጋዊው ሰው ባዶ እጁን አይደለም። ዕድር አለው፤ ብዙ ጊዜ ከአንድም ሁለት። ቀብሩንና የሐዘን ድንኳኑን ዕድሩ ይሸፍነዋል። የጤና መድን መዋጮ ከከፈለ የጤና ጣቢያና የሪፈራል ሕክምናው በዚያ በኩል ነው። መምህር ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ከነበረ ጡረታ አለው፤ ሲሞትም ለባለቤቱ የሚተላለፍ ክፍያ አለ። ልጁ በአሠሪው በኩል የሕክምና መድን ካለው ወላጆችን ይጨምር እንደሆነ ይጠየቅ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረ ክፍተት ካለ የእናንተ ገበያ እሱ ነው። በእኔ ዓይን ጉብሬ ውስጥ ትልቁ ክፍተት የአረጋውያኑ ሞት ሳይሆን የሚያከራዩት ቤት ነው። ወርሃዊ ገቢያቸው በሙሉ ከዚያ የሚመጣ እናት፣ አንድ ሌሊት ኤሌክትሪክ ተቃጥሎ አራት ክፍል ቢወድምባቸው ጡረታም ዕድርም አያነሣቸውም። ወኪሎች ግን ኮሚሽኑ ስለሚሻል የቁጠባ ሕይወት መድን ይዘው ይመጣሉ።

የጤና መድን መዋጯቸውን አቋርጠው የእናንተን እንዲገዙ በፍጹም አትምከሩ። ይህ ስህተት ሲሠራ ብዙ ጊዜ በቃል ነው፤ «ያኛው ለምን ይጠቅምዎታል» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር። አንዴ ከተቋረጠ በኋላ መልሶ ለመግባት የሚያስቸግረው እሳቸውን ነው።

ሙስሊም ደንበኞች ዘንድ ስትሄዱ የወለድ ጉዳይ ሊነሣ ይችላል፤ ሳይነሣም በልባቸው ሊኖር ይችላል። ድርጅታችሁ ተካፉል ካለው አሳዩ፤ ከሌለው «ተካፉል የሚሰጡ አሉ፣ እኛ ዘንድ የለም» ማለት ሽያጭ ቢያሳጣም ደንበኛ አያሳጣም።

5. ቤቱን በእግር ዞራችሁ እዩ

ሳሎን ተቀምጦ የቤት መድን ቅጽ መሙላት የተለመደ ጥፋት ነው። ተነሡ፣ ፈቃድ ጠይቁና ግቢውን ዙሩ። ግድግዳው ብሎኬት ነው ወይስ ጭቃ? ጣሪያው ቆርቆሮ ነው ወይስ ጓሮ ውስጥ ሣር ክዳን ጎጆም አለ? ማድቤቱ ከሰርቪሱ ጋር ግድግዳ ይጋራል? ተከራዮቹ በስንት ምድጃ ያበስላሉ፣ ከስንት ቆጣሪ? እኔ ያየሁት አንድ ሰርቪስ ከዋናው ቤት በተወሰደ አንድ ገመድ ስድስት ክፍል ያበራ ነበር፤ በየክፍሉ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለ፣ የገመዱ መገጣጠሚያ በፌስታል ተጠቅልሏል። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ለእማማም አሳዩአቸውና በኤሌክትሪክ ባለሙያ እንዲያሠሩት ንገሯቸው። ቅጹ ላይም ጻፉት። ሣር ክዳኑን ድርጅታችሁ ይቀበል እንደሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ማወቅ አለባችሁ።

የመድን ገንዘቡ መጠን ላይ ጊዜ ውሰዱ። አረጋውያን በሁለቱም አቅጣጫ ይሳሳታሉ። አንዳንዶቹ ዓረቦኑ እንዲቀንስላቸው ዋጋውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ወይም ከዓመታት በፊት የሠሩበትን ወጪ ይናገራሉ። ሒሳቡን ቁጭ ብላችሁ በወረቀት አሳዩአቸው፦ ቤቱን ዛሬ እንደገና ለመሥራት 2,000,000 ብር ይፈጃል እንበል። በ1,000,000 ብር ብቻ መድን ተገባ። ማድቤቱና ሁለት ክፍል ተቃጥሎ የ400,000 ብር ጉዳት ደረሰ። ግማሹ ብቻ ዋስትና ስለነበረው የሚከፈለው 200,000 ብር ነው፤ ከዚያም ላይ በውሉ መሠረት ደንበኛው ራሱ የሚችለው ይቀነሳል። «400,000 ከአንድ ሚሊዮን በታች ነው፣ ለምን አይከፈለኝም?» የሚለው ጥያቄ ከአደጋው በኋላ ሲመጣ መልስ የለውም። ከአደጋው በፊት ነው መነሣት ያለበት።

ሌሎቹ ደግሞ «ቦታዬ እኮ አምስት ሚሊዮን ያወጣል» ይላሉ። እሱ የቦታው ወሬ ነው። መሬት አይቃጠልም፤ መድን የሚገባው ሕንፃው ነው። ከዋጋው በላይ መድን መግባትም ካሳውን አያበዛውም፤ ሕጉ ከደረሰው ጉዳት በላይ እንዲከፈል አይፈቅድም። ትርፉ ትርፍ ዓረቦን ብቻ ነው።

ባጃጅ ካላቸው አንድ ነገር ብቻ አስረግጡ፦ መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው አስገዳጁ የሦስተኛ ወገን መድን ባጃጁ የሚጎዳውን ሰው ይክሳል እንጂ የእሳቸውን ባጃጅ አይጠግንም።

6. የጤና ጥያቄዎች

የንግድ ሕጉ አንቀጽ 667 መድን ገቢው የሚያውቀውን ሁሉ እንዲገልጽ ያስገድዳል። አንቀጽ 668 ደግሞ ሆን ብሎ የደበቀውን ሰው ውል ዋጋ ያሳጣዋል፤ ሳያውቅ ለተሳሳተው መዘዙ ይቀላል እንጂ አይጠፋም። አረጋዊ ሰው ዘንድ የሚደበቀው በተንኮል አይደለም። ስኳር ያለባቸው ሰው «በሽታ አለብዎት?» ሲባሉ «ተመስገን፣ ደኅና ነኝ» ይላሉ። ይህ የሰላምታ መልስ ነው፤ ወኪሉ ግን «የለም» የሚለው ሣጥን ላይ ምልክት ያደርጋል።

ስለዚህ ስለ በሽታ ሳይሆን ስለ መድኃኒት ጠይቁ። «በየቀኑ የሚወስዱት ኪኒን አለ? እስቲ ያምጡት።» የፌስታሉ ይዘት ከብዙ ጥያቄ ይበልጣል። «ባለፉት ዓመታት ሆስፒታል ተኝተው ያውቃሉ? ወልቂጤ ነው ቡታጅራ? አዲስ አበባስ ለምን ተላኩ?» በሉ። የመድኃኒቱን ስም ከካርቶኑ ላይ ገልብጡ። ሁሉንም በራሳቸው አባባል ጻፉ እንጂ እናንተ አታሳምሩት።

ይህ ሲሆን ጎረቤትና ምራት ክፍሉ ውስጥ አይኑሩ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መድቦታል። ቅጹን በስልክ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ግሩፕ ለቢሮ መላክ፣ ብዙዎቻችሁ የምታደርጉት ቢሆንም፣ ይቅር።

7. ማስረዳት፣ ከዚያ መልሰው እንዲያስረዱአችሁ ማድረግ

ይህ ከሁሉም ረጅም ጊዜ የሚወስደው ነው፤ መውሰድም አለበት። አማርኛ እየሰሙ በጉራጊኛ የሚያስቡ አዛውንት ጋር ከሆናችሁና እናንተም የምትችሉ ከሆነ በጉራጊኛ አውሩ። ካልቻላችሁ አስተርጓሚው የካሳው ተጠቃሚ ሊሆን የታሰበው ልጅ አይሁን። ጆሯቸው የደከመ ከሆነ በሚሻለው ጎን ተቀመጡ፤ ጩኸት አይተካውም።

መጀመሪያ የማይሸፈነውን ተናገሩ። ወኪሎች ይህን ወደ መጨረሻ ይገፉታል፤ በመጨረሻ ደግሞ ሁሉም ደክሟል። ቀጥሎ የመድንን ባሕርይ ለዩ። አረጋውያኑ የሚያውቁት ዕቁብ ነው፤ ዕቁብ ላይ የገባ ገንዘብ ተራው ሲደርስ ይመለሳል። የእሳት መድን እንደዚያ አይደለም፤ ዓመቱ በሰላም ካለፈ ዓረቦኑ አይመለስም። ይህን በግልጽ ያልሰሙ ሰው በዓመቱ «ብሬንስ?» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። የቁጠባ ሕይወት መድን ከሆነ ደግሞ በመካከል ቢያቋርጡ የሚመለሰው ከከፈሉት ያነሰ እንደሚሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም ጭራሽ ላይኖር እንደሚችል ከድርጅቱ ሰንጠረዥ ላይ በጣታችሁ እያሳያችሁ ንገሯቸው። 72 ዓመት የሞላቸውን ሰው የአሥር ዓመት ቁጠባ ውስጥ ማስገባት ምን ማለት እንደሆነ ለራሳችሁም አስቡት።

ከዚያ «ገባዎት?» አትበሉ። መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። እንዲህ ሞክሩ፦

«እማማ፣ አዲስ አበባ ላለው ልጅዎ ዛሬ ማታ ሲደውል ምን ገዛሁ ይሉታል?»
«ቤቱ ቢቃጠል ይሠሩልኛል እለዋለሁ።»
«ተከራዩ ተማሪ ላፕቶፕ ቢሰረቅበትስ?»
«እሱንም ትከፍላላችሁ።»

እዚህ ላይ ቁሙ። ሳትስቁ፣ ሳትነቅፉ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ «እሱ በዚህ ውስጥ የለም፤ ይህ ለእርስዎ ቤትና ለእሳት ነው። የተማሪው ዕቃ የተማሪው ነው።» ከዚያ ሌላ ጥያቄ አንሡ። ሦስት ነገር በራሳቸው ቃል መናገር መቻል አለባቸው፦ ምን እንደሚሸፈን፣ ምን እንደማይሸፈን፣ በየስንት ጊዜው ስንት ብር እንደሚከፍሉ። ይህን ካልቻሉ ቅጹን አጥፉና ሌላ ቀን ኑ።

እርጅና በራሱ ሰውን ችሎታ አያሳጣም፤ በሕጉ ዘንድ ማንኛውም ሰው ችሎታ እንዳለው ይገመታል። ልጆቹ «አባባ አርጅቷል፣ እኛን አናግር» ስላሉ አባባን ዘሎ ማለፍ ስድብ ነው። በሌላ በኩል ግን ቅድም የነገራችኋቸውን ደጋግመው የሚረሱ፣ ዓመቱን የማያውቁ፣ የሟች ባለቤታቸውን «ገበያ ሄደች» የሚሉ ሰው ካጋጠሟችሁ በዚያ ቀን ምንም አታስፈርሙ። ቤተሰቡን አወያዩ፤ ሕጋዊ አሳዳሪ ያስፈልግ እንደሆነ እነሱ ይወስኑ። ሽያጩን ማጣት እዚህ ላይ የሥራው አካል ነው።

8. በመስቀል ሳምንት አታስፈርሙ

መስከረም 17 ሲቃረብ ልጆች ከየከተማው ይገባሉ፤ ሙስሊሙ ቤት ደግሞ በአረፋ። ከፋዩም፣ ወላጁም፣ ወራሹም አንድ ጣሪያ ሥር የሚገኙበት ጊዜ ስለሆነ ወኪል የሚወደው ሳምንት ነው። ለማስረዳት ተጠቀሙበት፤ ሁሉም በተገኙበት አራቱን መስመሮች ሙሉ። ለማስፈረም ግን አይሁን። ክትፎ ቀርቦ፣ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ፣ ልጆች ፊት ላለማፈር የሚፈረም ፊርማ ጥቅምት ላይ ይቆጨናል ይባላል። ቅጹን ትታችሁ ሂዱ፣ ልጆቹ ሲመለሱ ጥቅምት ላይ ኑ። እስኪፈርሙና እስኪከፍሉ ድረስ ሽፋን እንደሌላቸው ግን አሳውቁ፤ መቸኮል ከፈለጉ ምርጫው የእነሱ ይሁን።

ጥቅምት ለእድሳትም ይመቻል። ክረምት ላይ ተማሪው ይወጣል፣ ክፍሎቹ ባዶ ይሆናሉ፣ ያለው ገንዘብ ሁሉ ለመስቀል ይቀመጣል። ነሐሴ ላይ የሚያበቃ ውል የሸጠ ወኪል በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ደንበኛ ያጣል።

9. ፊርማና የጣት አሻራ

የፍትሐ ብሔር ሕጉ የመድን ውል በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል (አንቀጽ 1725)፤ በጽሑፍ የሚደረግ ውል ደግሞ በሁለት ምስክሮች ይረጋገጣል (1727)። ምስክሮቹ እናንተና ተጠቃሚው ልጅ አትሁኑ።

ብዙ ወኪል የማያውቀው አንቀጽ 1728 ነው። ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው የፈረመው ወይም በጣቱ ያተመው ጽሑፍ በውል አዋዋይ፣ በመዝገብ ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ሳሎን ውስጥ በስታምፕ ፓድ የተወሰደ የእማማ አሻራ ብቻውን እንደማይበቃ ልብ በሉ። መጓጓዣውን አመቻችታችሁ ሰነድ ወደሚረጋገጥበት ቢሮ ይዛችኋቸው ሂዱ። የጉዞው አድካሚነት ታይቶ «ይቅር» የሚባል ከሆነ ለድርጅቱ የሕግ ክፍል አሳውቁ እንጂ በራሳችሁ አትለፉት። መሠረተ ትምህርት ተምረው ስማቸውን መጻፍ የሚችሉ፣ ውሉን ግን ማንበብ የማይችሉ አሉ፤ እነሱንም በጥርጣሬ ጊዜ እንደማያነቡ ቁጠሯቸው።

ባዶ ቅጽ ማስፈረም የሚባለውን ነገር አልዘረዝረውም። አታድርጉት።

10. ገንዘቡ

ዓረቦኑ በቀጥታ ወደ ድርጅቱ የባንክ ሒሳብ ወይም ድርጅቱ ካለው በቴሌብር ይግባ፤ ወደ እናንተ የግል ስልክ አይሁን፣ ለአንድ ቀንም ቢሆን። አዛውንቱ ጥሬ ገንዘብ ካስጨበጧችሁ የድርጅቱን ሕጋዊ ደረሰኝ እዚያው ቁረጡ፤ ደረሰኝ ካልያዛችሁ ገንዘቡን አትቀበሉ። ስልካቸውን ተቀብላችሁ በራሳቸው የሚስጥር ቁጥር መክፈል፣ እሳቸው ቢለምኗችሁም፣ አይገባም። ነገ ከዚያ ሒሳብ ሌላ ብር ቢጠፋ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ እናንተ ናችሁ።

11. ውሉን ካስረከባችሁ በኋላ

ፖሊሲውን በእጃቸው ስጡ፤ ቅጂው ካርታቸውና የዕድር ደብተራቸው ባለበት ይቀመጥ። ሽፋኑ ላይ በትልቅ ቁጥር የፖሊሲውን ቁጥር፣ የሚያበቃበትን ቀን በእኛ አቆጣጠር፣ የድርጅቱን ቢሮ ስልክ ጻፉ። የእናንተ ስልክ ብቻ አይሁን፤ እናንተ ሥራ ትቀይራላችሁ። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ የሚያምኑት አንድ ልጅ ወይም ዘመድ ውሉ መኖሩን እንዲያውቅ አድርጉ። የሕይወት መድን ገብተው ማንም ሳያውቅ የሚሞቱ ሰዎች ውል መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ በንግድ ሕጉ አንቀጽ 674 ደግሞ ከመድን ውል የሚመነጭ ክስ በሁለት ዓመት በይርጋ ይታገዳል። አደጋ የማሳወቂያው ጊዜ ከዚያም አጭር ነው፣ በቀናት ይቆጠራል፤ ፖሊሲው ላይ ያለውን አስምሩበት።

በዓመት አንድ ጊዜ፣ እድሳቱ ከመድረሱ ወር ቀደም ብላችሁ፣ ተመልሳችሁ ሂዱ። አዲስ ክፍል ተሠርቷል? ተከራዩ ግቢ ውስጥ ዳቦ ቤት ከፍቷል? ተጠቃሚ ተብሎ የተጻፈው ሰው በሕይወት አለ? የብሎኬትና የቆርቆሮ ዋጋ ስንት ደረሰ? በየዓመቱ እንደነበረ የሚታደስ የመድን መጠን ከሦስት ዓመት በኋላ ከላይ ያየነውን የግማሽ ካሳ ሒሳብ ያመጣል።

ቅሬታ ካላቸው በመጀመሪያ ለድርጅቱ በጽሑፍ፣ ካልተፈታ ለብሔራዊ ባንክ ማቅረብ እንደሚችሉ ንገሯቸው፤ ባንኩ የፋይናንስ ሸማቾችን የሚጠብቅ መመሪያ አለው። እናንተ ደግሞ የጉብኝቱን ቀን፣ ማን ማን እንደነበረ፣ የጠየቃችሁትንና የመለሱላችሁን፣ ያነሣችሁትን ፎቶ በደንበኛው ፋይል ውስጥ አስቀምጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ የካሳ ክፍሉ «ይህ ስኳር ሲገቡ ነበረባቸው ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልሰው ያ ገጽ ነው።